ይሄ መደብ ነው

በ2019 የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው ቤታችን በር ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ዞሬ ለእናቴ በር ከፈትኩላት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ቀኝ እግሯን አወጣች፤ ግራውን በእጇ ደግፋ አወጣችው። ከዚያ ግን መነሣት አቃታት። አንድ እጇን በሩ ላይ፣ ሌላውን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «በስመ አብ» ብላ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ደግማ ሞከረች። በሦስተኛው ብብቷ ሥር ገብቼ አነሣኋት። ነጠላዋ በመቀመጫው ቀበቶ ማሰሪያ ተይዞ ስለነበር እሱን ለማላቀቅ ጎንበስ ስል፣ ጉልበቶቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ።

እሷም ምንም አላለችም፤ እኔም ዝም አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ቁልፍ ሳነሣ «ዛሬስ እዚሁ እጸልያለሁ፤ እናንተ ሂዱ» አለችኝ። እናቴ ቅዳሴ ማስታጎል የምታውቅ ሴት አይደለችም። አሟት እንደሆነ ጠየቅኳት። «አላመመኝም። በየሳምንቱ ከመኪና ሰው ጎትቶ እንዲያወጣኝ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አልወደድኩትም» አለች። ይህ ቃሏ ሳምንቱን ሙሉ ውስጤን ሲበላው ሰነበተ።

መኪናዬ ስቴሽን ዋገን ናት፤ እንደ ቤት መኪና ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ግን እስከ ኋላ ዘልቆ ከኋላ በሯ ዕቃ የሚጫንባት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የወደድኳት፣ ሰው ሲያጣጥላት የተሟገትኩላት መኪና። ዋገን ከአሜሪካ መንገድ ለምን ጠፋ፣ ክሮስኦቨር የሚባለው ቁመተ ረጅም መኪና ለምን ቦታውን ወሰደ ተብሎ ብጠየቅ መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ እል ነበር። ያ እሑድ ከመጣ በኋላ ግን መልሴ ጎደሎ መስሎ ታየኝ፤ ጎደሎውን ስፈልግ ዓመታት አለፉ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ሁለት ዝናብ መጥረጊያ

ካምሪ ዋገን ናት፤ የ1996 ሞዴል፤ ኬንታኪ፣ ጆርጅታውን ካለው ፋብሪካ የወጣች። ቶዮታ ካምሪን በዋገን መልክ አሜሪካ ውስጥ የሸጠው እስከዚያ ዓመት ድረስ ስለሆነ የዘሯ መጨረሻ ናት ማለት ይቻላል። በ2004 ከአንድ ጡረታ ከወጡ ጎረቤቴ ነው የገዛኋት። የኋላ መስተዋቷ እንደ ሌላው መኪና አንድ ሳይሆን ሁለት ዝናብ መጥረጊያ አለው። ዝናብ ሲጥል ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመላለሱ ልጆቼ «እስክስታ ወረዱ» ይሉ ነበር።

ልጆቼ የሚቀመጡት ደግሞ እዚያው መስተዋቱ ሥር ነው። የኋላውን ወለል ገልበጥ ሲያደርጉት ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ፣ ለሁለት ሕፃናት የሚበቃ ወንበር ይወጣል። እኔና ባለቤቴ ወደምንሄድበት ስናይ እነሱ ትተነው የመጣነውን ያያሉ። ከኋላችን ለሚመጣው ሾፌር ሁሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ አብዛኛውም መልሶ ያውለበልብላቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት ጋዜጣ አድርስባት ነበር። የጋዜጣ እስሩን ከመሬት አንሥቼ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ወለል ላይ አሳርፌ ገፋ ማድረግ ነው፤ ራሱ ተንሸራቶ ይገባል። ለማኅበር ስንጠራም ድስቱ፣ መሶቡ፣ ረከቦቱ የሚሄደው በእሷ ነው። ከሰፈራችን አበሾች መካከል ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነበር፤ ያ ደስ ይለኝ ነበር።

አገር ቤት «ስቴሽን» ብለን አሳጥረን ስለምንጠራው፣ ስቴሽኑ የባቡር ጣቢያ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስበውም። ጥንት ከባቡር የወረደን መንገደኛ ከነሻንጣው ወደ ሆቴልና ወደ ቤት የምታደርስ፣ አካሏ በእንጨት የተሠራ መኪና ነበረች። ፎርድ በ1929 በሞዴል ኤ ላይ ሠርቶ በብዛት ማቅረብ ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨቱ በብረት ተተካ፤ አሜሪካውያን ከመሐል ከተማ ወጥተው በየዳርቻው ግቢ ያለው ቤት ሲሠሩ ዋገን የቤተሰብ መኪና ሆነች። ፎርድ ካንትሪ ስኳየር የምትባለዋ እንጨቱ ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላም ጎኗ ላይ እንጨት የሚመስል ሽፋን ተለጥፎባት ነበር የምትሸጠው። በ1970ዎቹ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ትረዝም ነበር። በ1991 ተቋረጠች።

## ሃያ ሴንቲ ሜትር

ለምን ተቋረጠች? ጓደኞቼ ቡና ላይ መልሴን ደጋግመው ሰምተውኛል።

በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካዊው በየማደያው ተሰለፈ። ኮንግረስ በ1975 ሕግ አወጣ፦ አንድ አምራች በዓመት የሚሸጣቸው የመንገደኛ መኪኖች ተደምረው በአማካይ በአንድ ጋሎን ቢያንስ ይህን ያህል ማይል መሄድ አለባቸው የሚል። በ1978 በ18 ማይል ተጀመረና በ1985 27.5 ደረሰ፤ በእኛ ልክ በሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ቀላል የጭነት መኪና ግን ለብቻው ተለየ። ፒክአፕ የገበሬና የአናጺ መሣሪያ ነው፣ እንደ ቤት መኪና አይለካ ተባለ። ቅን አሳብ ነበር። የጭነት መኪናው ልክ ከ1996 እስከ 2004 ድረስ በጋሎን 20.7 ማይል ላይ ቆሞ ቀረ።

ታዲያ የጭነት መኪና ማለት ምን ማለት ነው? ሕጉን አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። አንዱ መንገድ ይህ ነው፦ መኪናው ፎር ዊል ይሁን፣ ወይም ከነሙሉ ጭነቱ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ይመዝን፤ ከዚያ ከአምስት ልኬቶች አራቱን ያሟላ። የአፍንጫው ቀና ማለት 28 ዲግሪ፣ የሆዱ 14፣ የጭራው 20፤ ከመሬት እስከ ሆዱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት እስከ አክስሉ፣ ማለትም እስከ ጎማዎቹ ዘንግ፣ 18። እነዚህን ያሟላ ከመንገድ ውጭ መሄድ የሚችል ይባልና ከጭነት መኪኖቹ ጎራ ይቆጠራል። ሌላም በር ነበር፤ የኋላ ወንበሩ ሲነሣ ወለሉ ጠፍጣፋ የዕቃ ቦታ የሚሆን መኪናም ይገባ ነበር። ሚኒቫን የገባው በዚያ በር ነው። ቁመናዋ የድሮ ሴዳን፣ ያው የተለመደውን ባለ ሻንጣ የቤት መኪና፣ የምትመስለው የክራይስለሯ ፒቲ ክሩዘርም በዚያው በር ገብታ የጭነት መኪና ተብላ ተቆጠረች።

የእኔዋ ካምሪ በዚህ ሕግ ፊት መቼም መቼም የቤት መኪና ናት። ስድስት ድስት ብትጭን፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ብትጭን፣ የጋዜጣ ክምር ብትጭን የቤት መኪና ናት። ሆዷ ከመሬት ትንሽ ከፍ ቢልና ፎር ዊል ቢገባላት ግን ምንም ባትጭን የጭነት መኪና ትሆን ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ክሮስኦቨርም እንዲሁ ነው። ገዢ ፊት ሲቀርብ የመኪና ዘመድ ነው፤ አነዳዱ ለስላሳ፣ ሻሲው የሴዳን። ሕግ ፊት ሲቆም አጎቱን ይጠራል።

ከሁሉ ይበልጥ ሱባሩ አውትባክን ነበር የምጠቅሰው። ሱባሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌጋሲ የሚባለውን ዋገኑን ከፍ አድርጎ፣ የታች ጎኑን በፕላስቲክ አልብሶ አውትባክ አለው፤ ሰውም ወደደው። በ2005 ሞዴል ላይ ደግሞ ከመሬት ያለውን ከፍታ ትንሽ ጨመረና በሕግ ፊት ከመንገደኛ መኪና ወደ ቀላል የጭነት መኪና አዛወረው። ያው ዋገን፣ ያው ቤተሰብ፣ ያው ውሻ ከኋላ ተኝቶ። የተቀየረው ሴንቲ ሜትሩ ነው።

ይህን ለማየት ሕግ ማንበብም አያስፈልግም፤ የኋላ መስተዋቱን ማየት ይበቃል። በፌዴራሉ ደንብ የመንገደኛ መኪና መስተዋት ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። በጭነት መኪናና ኤስዩቪ በሚባለው ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ላይ ግን ከሾፌሩ ኋላ ያለው መስተዋት ከፋብሪካ ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፓርኪንግ ውስጥ የኋላ መስተዋቱ ከፋብሪካ የጠቆረ የቤተሰብ መኪና ካያችሁ፣ ሕጉ በሌላ ስም ነው የሚያውቀው። የእኔዋ መስተዋት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ልጆቼ ሲያውለበልቡ ሾፌሮቹ ያዩዋቸው ለዚህ ነው።

የቀረው ታሪክ በዚህ መስመር ላይ ይሰደራል። ክራይስለር በ1983 መጨረሻ ሚኒቫኑን አመጣ፤ ዋገን ይነዱ የነበሩ እናቶች ወደዚያ ሄዱ። ጂፕ ቼሮኪ በ1984 ሞዴል፣ ፎርድ ኤክስፕሎረር በ1990 ተከተሉ። በ1996 ጄኔራል ሞተርስ የሸቭሮሌ ካፕሪስንና የቢዊክ ሮድማስተርን ትልልቅ ዋገኖች አቆመ፤ ይሠሩበት የነበረው አርሊንግተን፣ ቴክሳስ ያለው ፋብሪካ ተለውጦ እንደ ታሆ ያሉ ትልልቅ ኤስዩቪዎች መሥሪያ ሆነ። በዚያው በ1996 ካምሪ ዋገን ስታበቃ ራቭፎር የምትባለው የቶዮታ ክሮስኦቨር አሜሪካ ገባች። ሆንዳ ሲአርቪ በ1997 ተከተለቻት። አምራቹ የሴዳን ሻሲ ወስዶ፣ ቁመት ጨምሮ፣ ከሴዳኑ በላቀ ዋጋ መሸጥ እንደሚችል አየ።

ስለዚህ መደምደሚያዬ አጭር ነበር። ሕጉ ለከፍታ ጉርሻ ሰጠ፣ ኩባንያው ጉርሻውን ወሰደ፣ ማስታወቂያው ተራራ ላይ የቆመ መኪና አሳየ፣ ሕዝቡም ተራራ ሳይወጣ ገዛ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ሰው ተታለለ እል ነበር፤ ከልቤም አምንበት ነበር።

## መደብና ጉድጓድ

በሰኔ እናቴን ይዤ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። አሁንም ዋገን ነው የፈለግኩት፤ አዲስ ሲሆን መቀመጫው የተሻለ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ። በዚያ ዓመት አዲስ ዋገን በጣት የሚቆጠር ነበር። የቮልስዋገን ጎልፍ ስፖርትዋገን ነበረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀረች። የቢዊክ ሪጋል ቱርኤክስ ነበረች፤ በ2020 እሷም ቀረች። ቮልቮዎቹ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ለእኔ ኪስ የሚሞከሩ አልነበሩም።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ያሳዩን ዋገን በጣም ያማረች ነበረች። እኔ ገና ከሩቅ ሳያት ልቤ ሄደ። እናቴ በትዕግሥት ገባች፤ ሲገባ መቼም መውደቅ ነው፤ ሰውነት ራሱ ይወርዳል። መውጫው ላይ ያው የካምሪው ነገር ተደገመ። ዝቅ ያለችው የእኔዋ ብቻ እንዳልሆነች፣ ሴዳንም ዋገንም አሠራራቸው እንዲያ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልኩ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «ቆንጆ ናት» አለችኝ። እኔን ላለማስከፋት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ዲለር ዘንድ ሄድን። ወጣት የአገራችን ልጅ ተቀበለን። ዋገን እንደምፈልግ ስነግረው በአክብሮት ሰማኝና፣ እንደሌለ ነገረኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ እስቲ ይቺን ይሞክሯት» አላት። ራቭፎር ነበረች፤ ነጭ። እኔ ከኋላ ቆሜ ለመደገፍ እጄን አዘጋጅቼ ነበር።

እናቴ ወደ መኪናዋ ጀርባዋን ሰጠች። መቀመጫው ልክ የዳሌዋ ቁመት ላይ ነበር። አልወረደችም፣ አልወጣችም፤ ተቀመጠች። እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። ቆየት ብላ እግሮቿን አወጣች፣ መሬት ረገጠች፣ ቆመች። ማንም አልነካትም። እኔን አየችኝና ደግማ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሣች፤ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ከዚያ መቀመጫውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ይሄ መደብ ነው» አለች። «ያንተ ጉድጓድ ነው፣ ልጄ።»

ልጁ ሳቀ። እኔ ግን የአያቴ ቤት መደብ ፊቴ ላይ መጣ፤ ቁርበት የተነጠፈበት፣ ሽማግሌም ሕፃንም ነፍሰ ጡርም መጥቶ እንደ ልቡ የሚቀመጥበት። ያን መደብ የለሰነው ሰው ስለ ሰው ዳሌና ጉልበት የሚያውቀውን፣ ቆንጆ ዝቅተኛ መኪና የነደፈው ሰው ዘንግቶት ኖሯል። ወይም ለሠላሳ ዓመት ወጣት ብቻ ነድፎት ኖሯል። በበነጋው የካምሪዋንና የራቭፎሯን መቀመጫ ልዩነት በእጄ ለካሁት። አንድ ስንዝር ግድም ነው። እኔ ሴንቲ ሜትር እየጠራሁ ሕግ ስተነትን የኖርኩበትን ነገር፣ እናቴ በአንድ ስንዝር ፈረደችበት።

ያልተነካ ግልግል ያውቃል። የእኔ ጉልበት ስላላመመኝ፣ ከፍ ያለ መኪና የሚገዛውን ሁሉ በማስታወቂያ የተወሰደ አድርጌ ነበር የማየው። ከዚያ በኋላ ሳስበው አንድ ቀላል ስሌት ከፊቴ ነበር። አሜሪካኖች ከጦርነቱ በኋላ የተወለደ ትልቅ ትውልድ አላቸው፤ ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው። ራቭፎር አሜሪካ በገባችበት በ1996 የዚህ ትውልድ በኩሮች 50 ዓመት ሞላቸው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሌሎች ሚሊዮኖች 50 እየደፈኑ መጡ። ጉልበት መንገር የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። እነዚህ ሰዎች ልጆች ሳሉ በዋገን የኋላ ወንበር የተቀመጡ ናቸው፤ ወላጆቻቸው የነዱትን መንዳት አልፈለጉም ይባላል፣ እሱም እውነት ይኖረዋል። ግን ስንቱ ስሜቱን ሳይሆን ዳሌውን ሰምቶ እንደመረጠ ማን ጠየቀው?

ባለቤቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እኔስ ስንት ዓመት ነግሬህ የለ» አለች። እውነቷን ነው። ቴነሲ በ1978 ሕፃንን በልዩ ወንበር ማሰርን ግዴታ ካደረገች በኋላ በ1985 ሁሉም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ያ ሕግ የሕፃናትን ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ሕፃኑን ከነወንበሩ የሚያስገባ ወገብ አለ። ባለቤቴ ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ በካምሪዋ ዝቅተኛ በር አጎንብሳ፣ አንገቷን ከጣሪያው ሥር አዙራ፣ በአንድ እጇ የሚያለቅስ ልጅ ይዛ በሌላው ቀበቶ ስትፈልግ አይቻታለሁ። በየቀኑ አይቻታለሁ። «ወገቤን» ስትል ደክሟት ነው ብዬ አልፌዋለሁ፤ መኪናዋ ናት ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

## ከፍታ ከፍታን ይጠራል

ታዲያ የቀድሞው መልሴ ውሸት ነበር? አይደለም። ሕጉም ነበር፣ ጉርሻውም ነበር። እናቴ ግን ሕጉን አታውቀውም፤ ያገኘችው መቀመጫ ነው። ብዙ ያሰላሰልኩት እዚህ ላይ ነው። ለእናቴ ጉልበት የሚያስፈልገው ከፍ ያለ መቀመጫ ነው እንጂ ከፍ ያለ መኪና አይደለም። መቀመጫውን ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ጣሪያውን አብሮ አንሥቶ፣ ሆዱንና የዕቃውን ወለል እዚያው ዝቅ ብሎ መተው ይቻል ነበር። ፎርድ በ2005 ሞዴሉ ፋይቭ ሀንድረድ በተባለ ሴዳን መቀመጫውን ከፍ አድርጎ ሞክሮት ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስሙም ቀረ። ሕጉ ለመቀመጫ ከፍታ ምንም አይሰጥም ነበር፤ የሚሰጠው ለሆድ ከፍታ ነበር። ስለዚህ እናቴ የፈለገችውን ስንዝር የሸጡላት ካልፈለገችው ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው አልተታለለም፤ የሚያስፈልገውን ነው የገዛው። አማራጩ ግን ቀድሞ ተነሥቶበት ነበር።

ከፍታ ደግሞ ብቻውን አይቀመጥም። በ395 አውራ ጎዳና ላይ ካምሪዋን ስነዳ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፊቴ የማየው መንገድ ሳይሆን የሰው መኪና የኋላ በር ነበር። ድሮ በፊት ባለው መኪና መስተዋት አልፌ ከሦስት መኪና ወዲያ ፍሬን ሲያዝ አይ ነበር። ከፊቴ ያለው ከፍ ሲል፣ መስተዋቱም ሲጠቁር፣ ያ ሁሉ ጠፋ። አንዱ ለማየት ከፍ ሲል ሌላውን ይጋርዳል፤ የተጋረደውም ቀጥሎ ሲገዛ ከፍ ያለውን ይገዛል። ማንም ክፉ ሳይሆን ሁሉም ከፍ ይላል። ዋጋውን የሚከፍለው መኪና የሌለው ሰው ነው። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የሀይዌይ ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ40 ኢንች ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ የሆኑ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ኮፈናቸው ዝቅ ካለና ተዳፋት ከሆነው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሴት ልጄ ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ ነው የምትሄደው። ያን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ዜብራ ላይ ስትቆም ቁመቷን ከኮፈን ጋር እያስተያየሁ ነው።

በነዳጅ በኩል ግን ለዋገኔ መሟገት አልችልም። የገዛናት ራቭፎር ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሠራ ናት፤ በጋሎን 40 ማይል ትሄዳለች፤ ካምሪዋ የዚያ ግማሽ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የሞተርን ሥራ ብዙ አሻሽሎታል። ያንኑ ሃይብሪድ ዝቅ ያለ ዋገን ውስጥ ቢያስገቡት ንፋሱን ይበልጥ ሰንጥቆ ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ማን ይሠራዋል? ራቭፎር በ2017 አሜሪካ ውስጥ ካምሪን በሽያጭ በልጣለች። ፎርድ በ2018 በሰሜን አሜሪካ ሴዳኖቹን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ዋገን በሄደበት ሴዳንም መከተል ጀመረ። በ2025 የጸደይ ወራት ደግሞ ሱባሩ አዲሱን አውትባክ አሳየ። ፎቶውን ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ጣሪያው ቀና ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ኤስዩቪ መስሏል። ያን ሁሉ ዓመት በሴንቲ ሜትር ሲጠጋ የኖረው መኪና ጨርሶ ተሻገረ።

ካምሪዋን በዚያው በጋ ሸጥኳት። የገዛኝ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ፣ ሌሊት ሌሊት ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ነው። የኋላውን በር ከፍቶ ወለሉን በእጁ ዳሰሰና «ዝቅ ያለች ናት፣ ለጭነት ትመቻለች» አለኝ። ወደ ኋላ የሚያየውን ወንበር አውጥቼ ሳሳየው ልጆቼ በር ላይ ቆመው ነበር። ትልቁ ዕድሜው ለመንጃ ፈቃድ ደርሷል፤ እንደዚያም ሆኖ ሄዶ ተቀመጠበት። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

እናቴ በመጀመሪያው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሩን ራሷ ከፈተች። እግሯን አወጣች፣ ቆመች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ማንንም ሳትጠብቅ ልትሳለም ሄደች። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጀርባዋን ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ ስንመለስ የአበሻ ሱቅ ቆምን። ሁለት ከረጢት የጤፍ ዱቄት ገዝቼ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞርኩ። በሩ በራሱ ተከፈተ። ወለሉ ቀበቶዬ አካባቢ ነው። እንደ ድሮው ጠርዙ ላይ አሳርፌ ልገፋው ብዬ ዘንበል ስል ከረጢቱ መከላከያውን መታና ተመለሰ። አቀፍኩት፣ እስከ ደረቴ አነሣሁት፣ አስገባሁት። ሁለተኛውን ሳነሣ ወገቤ ላይ ቆንጠጥ አደረገኝ። እናቴ ከፊት ከመደቧ ላይ ሆና፣ ሳትዞር፣ «ከበደህ?» አለችኝ።